ባሕረ ሐሳብን በፓይተን፦ ከአንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት የተጻፈ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018

ዛሬ ጀመርኩ። ያስጀመረኝ ንዴት ነው።

ባሕር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ለሰንበቴና ለማኅበራት የኪስ ካሌንደር አትማለሁ። አሠራሬ ቀላል ነበር። ያምናውን ፋይል እከፍታለሁ፣ ቀኖቹን አስተካክላለሁ፣ አትማለሁ። የ2017ቱን ሳዘጋጅ ግን አንዲት መስመር አመለጠችኝ። ጾመ ሐዋርያት ሰኔ 2 መሆን ሲገባው፣ የ2016ቱ ሰኔ 17 እንዳለ ቀረ። 150 ፍሬ ታትሞ፣ ተቆርጦ፣ ታድሎ አልቋል። ስህተቱን ያገኙት የማኅበሩ እናቶች ናቸው። "ልጄ፣ አሥራ አምስት ቀን ልታስገድፊን ነበር እኮ!" አሉኝ። ከኪሴ አውጥቼ እንደገና አተምኩ።

የ2018ቱን ዘጌ የሚያስተምሩ አንድ የኔታ አወጡልኝ። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ጨረሱት። እኔ ደግሞ የሚያሰላ ዕቃ ፊቴ ተገትሮ በየዓመቱ ሽማግሌ ማስቸገሬ አሳፈረኝ። ስለዚህ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ልማር ነው። ግቤ አንድ ብቻ ነው፦ ዓመቱን ሳስገባለት አጽዋማቱንና በዓላቱን በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ ሒሳብ፣ የሚያወጣ ፕሮግራም።

ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእኅቴ ልጅ ቶኒ የሚባል ፕሮግራም በፍላሽ አምጥቶ ጫነልኝ። ኤስቶኒያ ውስጥ፣ በታርቱ ዩኒቨርሲቲ፣ ለጀማሪ ተብሎ የተሠራ ነው። ፓይተኑ አብሮት ስለሚመጣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ላፕቶፔ ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ነው፤ ግን አልከበደውም።

የመጀመሪያዋ መስመሬ፦ ፕሪንት("እንደምን አመሸሽ ባሕር ዳር")። ወጣች። ሁለተኛዋን ልጽፍ ስል መብራት ሄደ። ለዛሬ ይብቃን ብሎ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። የፓይተን የራሱ ቃላት የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። እዚህ በኛ ፊደል የማሰፍራቸው ለንባብ እንዲመች ነው። የቫሪያብል ስም ግን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ ፓይተን 3 ይቀበላል። ስለዚህ ከታች ሙሉ በሙሉ በፊደላችን የምታዩት መስመር እንዳለ ቢገለበጥ ይሠራል።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ደንበኛ ጠፋ። ለኔ ተመቸኝ።

ቫሪያብል ማለት ስም የተለጠፈበት ጣሳ ነው፤ እናቴ ጓዳ እንዳሉት የሽሮና የበርበሬ ጣሳዎች። ዓመት = 2018 ስል፣ "ዓመት" የሚል ጣሳ ውስጥ 2018ን ከተትኩ ማለት ነው።

ቀጥሎ ፕሮግራሙ ራሱ ዓመቱን እንዲጠይቀኝ አደረግኩ። ለዚህ ኢንፑት የሚባል አለ። 2018 ብዬ ጻፍኩለትና 5500 ልደምርበት ስል ቀይ በቀይ ሆነ። ለካ ኢንፑት የሚያመጣው ሁሉ ጽሑፍ ነው። 2018 ለሱ ቁጥር አይደለም፣ የተደረደሩ አራት ምልክቶች ናቸው። ኢንት በሚለው ውስጥ ሳሳልፈው ቁጥር ሆነ፣ ተደመረ።

ከዚያ የኪቦርድ ጣጣ መጣ። ኢፍ ("ከሆነ" ማለት ነው) የሚል መስመር መጨረሻው ላይ ሁለት ነጥብ ይፈልጋል። እኔ ኪቦርዴን ከአማርኛ አልመለስኩትም ነበርና የወጣው የኛው ሁለት ነጥብ ነው። በዓይን ብታዩዋቸው መንታ ናቸው። ፓይተን ግን "የማይሆን ምልክት" ብሎ አጠገቡ 1361 የሚል ቁጥር ጻፈልኝ። ያ ቁጥር የምልክቱ የዩኒኮድ መለያ ነው፤ ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል የሚያውቅበት ቁጥር ማለት ነው። የኛ ፊደል በዩኒኮድ የሚጀምረው ከ1200 ነውና፣ ስህተት መልእክት ውስጥ 12 ወይም 13 ብሎ የሚጀምር መለያ ካያችሁ ጥፋቱን ከኪቦርዳችሁ ፈልጉ። ይህን እስካውቅ ግማሽ ሰዓት ያንኑ መስመር እየደለትኩ ስጽፍ ነበር።

ሌላም አለ። ላይ "ዓመት" ብዬ ታች "አመት" ብዬ ጻፍኩ። እንደዚህ የሚባል ስም አላውቅም አለኝ። ልክ ነው፣ ለሱ ዓይኑ ዓ እና አልፋው አ ሁለት የተለያዩ ጣሳዎች ናቸው። ዕድሜዬን ሙሉ እንዳሻኝ ሳቀያይር ኖሬ ሰው ያልተቆጣኝን ማሽን ተቆጣኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ ወደ ሒሳቡ ገባሁ። የኔታ አምና የጻፉልኝን ብጣሽ ወረቀት ከመሳቢያ አወጣሁ። እንዲህ ይላል።

በመጀመሪያ ዓመተ ዓለሙን አግኚ፤ 5500ውን በዓመተ ምሕረቱ ላይ ደምሪ። ለ19 ግደፊው። ከቀሪው አንድ ቀንሺ፣ ወንበር ይባላል። ወንበርን በ11 አባዝተሽ ለ30 ብትገድፊው የቀረው አበቅቴ፣ በ19 አባዝተሽ ለ30 ብትገድፊው የቀረው መጥቅዕ ነው።

"ግደፊ" ማለት አካፍለሽ ቀሪውን ያዢ ማለት ነው። ድርሻው አይፈለግም፣ የሚፈለገው የተረፈው ነው። ፓይተን ለዚህ ምልክት አለው፦ %። እኔ ፐርሰንት መስሎኝ ነበር። 17 % 5 ብዬ ብሞክረው 2 አለኝ። 17 ለ5 ሲገደፍ 2 ይተርፋል። የየኔታ ወረቀት ከላይ እስከ ታች በዚህች ምልክት የተሞላ ነው ማለት ነው።

ዓመተ_ዓለም = 5500 + ዓመት
ወንበር = (ዓመተ_ዓለም - 1) % 19
አበቅቴ = ወንበር * 11 % 30
መጥቅዕ = ወንበር * 19 % 30

አንዱን አስቀድሜ ቀንሼ ነው የገደፍኩት። ከገደፍኩ በኋላ ብቀንስ፣ ቀሪው ባዶ የሚሆንበት ዓመት ላይ ወንበር ከዜሮ በታች ይወርድብኛል።

የ2018ን ብጠይቀው ወንበር 12፣ አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18 አለ። የኔታ ወረቀቱ ግርጌ "አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሠላሳ ናቸው" ብለው አስምረውበታል። 12 እና 18፣ ሠላሳ። ሱቁን ዘግቼ እስከ ጣና ዳር በእግሬ ሄድኩ። አራት መስመር ጽፎ እንዲህ መንጠባረር ያሳፍራል፣ ግን አደረግኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

የጊዮርጊስ ዕለት ነው። የኔታ ከቅዳሴ በኋላ ጎራ አሉ። ወንበር ሰጠሁ፣ የጾም ሻይ አስመጣሁ።

"ያ የምትማሪው ነገር ማን ነበር ስሙ?"

"ፓይተን ነው፣ የኔታ።"

"ምን ማለት ነው?"

ዋሽቼ ማለፍ እችል ነበር። "ዘንዶ ማለት ነው" አልኩ። ዝም አሉ። ቶሎ ብዬ፣ ስሙ ከእባቡ እንዳልመጣ፣ የሠራው ጊዶ ቫን ሮሱም የሚባል ሆላንዳዊ ሞንቲ ፓይተን የሚባሉ የእንግሊዝ ቀልደኞችን ይወድ ስለነበር ከነሱ እንደወሰደው አስረዳሁ። ሰውዬው በፈረንጆቹ 1989 በገና ዕረፍቱ ጀምሮ በ1991 ለሕዝብ እንዳወጣውም ነገርኳቸው።

"ለገና ሥራ ፈትቶ ነው የሠራው?"

"አዎ፣ የኔታ።"

"እንዲህም አድርጎ ሥራ መፍታት አለ" ብለው ሻያቸውን አነሡ።

ዛሬ የፈለግሁት መስከረም 1 ምን ቀን እንደሚውል ነው። ዓመተ ዓለሙን ለአራት ታካፍያለሽ፣ ያ መጠነ ራብዒት ነው፤ ከራሱ ከዓመተ ዓለሙ ጋር ደምረሽ ለሰባት ትገድፊያለሽ። አንድ ቢተርፍ ማክሰኞ፣ ሁለት ቢተርፍ ረቡዕ፣ እያለ ይሄዳል። ጻፍኩት። ለ2018 የሰጠኝ መልስ 3.5። ሦስት ተኩል የሚባል ቀን የለም። የኔታ ሳቁ። "ለአራት ስትገድፊ የተረፈውን ጣዪው እንጂ። ራብዒት ቁራሽ የለውም" አሉኝ። ጥፋቱ የማካፈያ ምልክቴ ነበር። አንድ ጭረት / ከነቁራሹ ያካፍላል፤ ሁለት ጭረት // ቁራሹን ይጥላል።

መነሻ = (ዓመተ_ዓለም + ዓመተ_ዓለም // 4) % 7

አሁን 3 ሆነ። ቀጥሎ ቁጥሩን ወደ ቀን ስም ለመቀየር ሊስት ሠራሁ። የመጀመሪያው ማክሰኞ ነው ስለተባልኩ ከማክሰኞ ጀምሬ ደረደርኩ። ዓርብ አለኝ። የዘንድሮ ዕንቁጣጣሽ ግን ሐሙስ ነበር። ምክንያቱን የእኅቴ ልጅ በስልክ ነገረኝ። ፓይተን ሊስት ሲቆጥር የሚጀምረው ከዜሮ ነው። የመጀመሪያው ዕቃ ቁጥሩ 0 ነው።

ይህ ነገር አናደደኝ። ማን ነው ከዜሮ የሚቆጥር? ለየኔታ ስነግራቸው ግን አልገረማቸውም። "ሳይተርፍ ሲቀርስ?" አሉኝ።

"ምን?"

"ለሰባት ገድፈሽ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ቀኑ ሰኞ ነው። አልቦ ይባላል።"

ሊስቱን ከሰኞ አስጀመርኩት። ዜሮ ሰኞ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ። እንደተሰፋለት ልብስ ገጠመ። ዘመነ ወንጌላዊውም እንደዚሁ ነው። ዓመተ ዓለሙ ለአራት ሲገደፍ አልቦ ከሆነ ዮሐንስ፣ ከዚያ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ። እሱንስ ያለ ስህተት ጻፍኩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ሁለት ሳምንት ገደማ አልነካሁትም። የፈተና ጽሑፍ መጥቶብኝ ነበር።

ዛሬ ዋናው ላይ ደረስኩ፤ ነነዌ። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል፣ ካነሰ በጥቅምት። 14 ራሱ ሆኖ አያውቅም። መጥቅዕ የዋለበት ዕለት ደግሞ የራሱ ተውሳክ፣ ማለትም ተደማሪ ቁጥር፣ አለው፦ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2፣ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7። መጥቅዕና ተውሳኩ ሲደመሩ የነነዌን ቀን ይሰጣሉ። መጥቅዕ በመስከረም ከዋለ ነነዌ ከጥር ይቆጠራል፣ በጥቅምት ከዋለ ከየካቲት።

ጭማሪ የሚል ጣሳ አበጀሁ። መስከረም ከሆነ 0፣ ጥቅምት ከሆነ 30። ከዚያ፦

ዕለት = (መነሻ + መጥቅዕ + ጭማሪ) % 7
ተውሳክ = [6, 5, 4, 3, 2, 8, 7]
ነነዌ = መጥቅዕ + ተውሳክ[ዕለት] + ጭማሪ

ነነዌን ከጥር 1 ጀምሬ እንደ አንድ ረጅም ቁጥር ነው የያዝኩት። 31 ማለት የካቲት 1 ነው። አንዷ ጭማሪ ሁለቱም መስመር ላይ መሥራቷ ደስ ብሎኛል።

የ2018 ነነዌ 24 አለኝ፤ ጥር 24። ቀኑን ባየው እሑድ ነው። ነነዌ በእሑድ? ጾሙ ሰኞ ካልጀመረ የሆነ ነገር ተበላሽቷል።

ቶኒ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር እያስኬደ በየጣሳው ያለውን የሚያሳይበት ቁልፍ አለው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። አንድ በአንድ ሄድኩ። መነሻ 3፣ ሐሙስ፤ ልክ። መጥቅዕ 18፤ ልክ። ዕለት 0፣ ሰኞ። ግድግዳዬ ላይ ያለውን ካሌንደር አየሁ፤ መስከረም 18 እሑድ ነበር። በአንድ ቀን አልፌዋለሁ።

መስከረም 1 ላይ ቆሜ ወደ መስከረም 18 ብራመድ 17 እርምጃ ነው፣ 18 አይደለም። የቆምኩበትንም ቆጥሬዋለሁ። አንድ ቀነስኩ።

ዕለት = (መነሻ + መጥቅዕ + ጭማሪ - 1) % 7

ጥር 25፣ ሰኞ። ፋሲካ ከነነዌ በ69ኛው ቀን ነው፤ ሚያዝያ 4 አለኝ። የ2017ቱን ሞከርኩ፣ ሚያዝያ 12። የ2016ቱን ሞከርኩ፣ ሚያዝያ 27። ሦስቱም ልክ ናቸው። ያለቀ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለመሳለም በማለዳ ጀልባ ተሳፈርኩ። ፓይተን የሚያስኬድ ስልኬ ላይም አለ፤ ፓይድሮይድ ይባላል። ኮዱን ጭኜ ሄድኩ። ጀልባው ላይ ስሠራ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት "ወርውሪው ይሄን፣ ጣናን እይበት" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ግን አልወረወርኩትም።

ጀልባ ላይ የሠራሁት ዲክሽነሪ ነው። ዲክሽነሪ እንደ ሊስት በተራ ቁጥር ሳይሆን በስም የሚጠራ ነው። ስሙን ሲጠሩት የያዘውን ይሰጣል።

በዓላት = {"ዐቢይ ጾም": 14, "ደብረ ዘይት": 41, "ሆሣዕና": 62, "ስቅለት": 67, "ትንሣኤ": 69, "ርክበ ካህናት": 93, "ዕርገት": 108, "ጰራቅሊጦስ": 118, "ጾመ ሐዋርያት": 119, "ጾመ ድህነት": 121}

ቁጥሮቹ ከነነዌ የሚርቁበት ቀን ናቸው። የኔታ ግን በቃል የያዙት እንዲህ አይደለም። ለትንሣኤ 9፣ ለሆሣዕና 2፣ ለደብረ ዘይት 11 ነው የሚሉት። መጀመሪያ ሌላ ሒሳብ መሰለኝ። ኋላ ሳየው የኔው ቁጥር ለ30 ተገድፎ የቀረው ነው። 69 ለ30 ሲገደፍ 9። ወሮቹ ሁሉ ሠላሳ ሠላሳ ስለሆኑ ሰው ትንሿን ቁጥር ይዞ ወሩን በልቡ ይቆጥራል። እኔ ትልቁን ይዤ ማሽኑን አደክማለሁ።

አንድ ሌላ ነገርም ጨምሬ ነበር። የኔታ የሚያነቡት በግእዝ ቁጥር ነው፤ እሳቸውን ላስደስት ብዬ ቀኑን በግእዝ የሚጽፍ ፈንክሽን ሠራሁ። ፈንክሽን ማለት አንዴ ጽፈሽ በስሙ ደጋግመሽ የምትጠሪው ቁራጭ ኮድ ነው። ውስጡ ሁለት ሊስት አለ፦

ዐሥሮች = ["", "፲", "፳", "፴"]
አንዶች = ["", "፩", "፪", "፫", "፬", "፭", "፮", "፯", "፰", "፱"]

ቀኑን በ10 // አድርጌ ከዐሥሮች፣ በ10 % አድርጌ ከአንዶች አነሣለሁ። ለ25 ፳ እና ፭። በግልባጩ፣ በግእዝ የተጻፈ ቁጥር ላስገባ ብዬ ሞክሬ አልሆነም። ፓይተን "፩ አሃዝ ነው ወይ" ሲባል አዎ ይላል፤ "እንግዲያው ቁጥር አድርገው" ሲባል አሻፈረኝ ይላል። ተውኩት።

ከቅዳሴ በኋላ የኔታን ተማሪዎቻቸው መሐል አገኘኋቸው። ስልኩን ዘረጋሁላቸው። "ዓይኔ አይዝልኝም፣ አንብቢልኝ" አሉ። የ2018ን አነበብኩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። የ2019ን አነበብኩ፤ ፋሲካ ሚያዝያ ፳፬። እሳቸውም ጣታቸውን እያጠፉ እኩል ደረሱ። "2020ንስ?" አሉኝ። አስገባሁ። ነነዌ ጥር ፳፱። ፋሲካ ሚያዝያ ፰። ጾመ ሐዋርያት ግንቦት ፳፰። ጾመ ድህነት ሰኔ።

ቆምኩ።

"ሰኔ ስንት?" አሉኝ።

ቁጥር የለውም። "ሰኔ" ይላል፣ ከዚያ ባዶ ነው።

የኔታ ጣታቸውን ቆጠሩ። "ግንቦት ሠላሳ ነው። ሠላሳውን የት አደረግሽው?" አሉ። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። እኔም ከነሱ ጋር ሳቅኩ፣ ሌላ ምን ላደርግ።

እሑድ፣ ጥር 3

ገና አለፈ፣ ዶሮውም አለቀ። ወደ ሠላሳው ልመለስ።

ወሩንና ቀኑን የማወጣው እንዲህ ነበር፤ ድምሩን በ30 // ሳደርገው የወሩን ተራ፣ በ30 % ሳደርገው ቀኑን ያመጣል። ለ2020 ጾመ ድህነት ድምሩ 29 ሲደመር 121፣ 150 ነው። 150 ለ30 ሲገደፍ አልቦ። ስለዚህ ቀን ዜሮ፣ ወሩም በአንድ ያልፋል። ግእዝ ደግሞ ዜሮ የሚባል ምልክት የለውም፤ እኔም ሊስቱ ላይ በዜሮ ቦታ ባዶ ነው ያስቀመጥኩት። ስለዚህ ባዶ ጻፈ። በተለመደው አሃዝ ቢሆን "ሰኔ 0" ይለኝ ነበር፣ ምናልባትም ዓይኔ ያልፈው ነበር።

ሦስት ዓመት ፈትሼ ልክ ነው ያልኩት ዕድለኛ ስለነበርኩ ነው። በ2016፣ በ2017ም በ2018ም ወሩ ሠላሳ ላይ የሚውል አንድም በዓል የለም። አራተኛ ብዬ 2015ን ሞክሬ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ እይዘው ነበር፤ የዚያ ዓመት ነነዌም ጥር 29 ነው።

መፍትሔው የታኅሣሥ 4ቱ ዘመድ ሆነ። መጀመሪያ አንድ ቀንስ፣ ግደፍ፣ ከዚያ አንዱን መልስ።

ወር = ወሮች[(ድምር - 1) // 30]
ቀን = (ድምር - 1) % 30 + 1

ወሮች የሚለው ሊስት ከጥር እስከ ሰኔ ስድስት ወር ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ጳጉሜን እዚህ ስለማትገባ ተገላገልኩ።

አልቦን ማሳደድ ከጀመርኩ አይቀር ብዬ ሌላ ፈለግሁ። መጥቅዕ ራሱ ዜሮ የሚሆንበት ዓመት አለ፤ ወንበር አልቦ ሲሆን። 2006 እንደዚያ ነበር፣ ቀጣዩ 2025 ነው። የኔታን ደውዬ ጠየቅኋቸው። "መጥቅዕ አልቦ ሲሆን ሠላሳ በዪው" አሉኝ። ኢፍ ጻፍኩ። እዚህም አንድ ጊዜ ተደናቀፍኩ፤ "እኩል ነው ወይ" ብሎ ለመጠየቅ ሁለት የእኩል ምልክት ያስፈልጋል፣ አንዱ ጣሳ ውስጥ መክተቻ ነው።

የሚገርመው፣ ሳላስተካክለውም የ2006 ፋሲካ ልክ ነበር፤ ሚያዝያ 12። ዜሮ ከ14 ስለሚያንስ ፕሮግራሜ ጥቅምት ብሎታል። ጥቅምት ዜሮ ማለት ደግሞ ከጥቅምት 1 በፊት ያለው ቀን፣ መስከረም 30 ነው። ሠላሳውን ሳላውቀው አግኝቼዋለሁ። ቢሆንም "መጥቅዕ" ብሎ ባዶ የሚጽፍ ካሌንደር ለሰው አይሰጥም፤ ኢፉ ይቆያል።

ዓርብ፣ ጥር 15

ጥምቀትም አለፈ። ከእንግዲህ በሦስት ዓመት አልታለልም፤ ሁሉንም እፈትሻለሁ አልኩ። ሁሉም ስንት ነው? የኔታ መልሱን ድሮ ነግረውኛል፦ 532 ዓመት። ዐቢይ ቀመር ይባላል። 19 በ28 ሲባዛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይደገማል።

ለዚህ ያንኑ ሥራ የሚደጋግም ሉፕ የሚባል አለ። ፎር ዓመት ኢን ሬንጅ(2000, 2532)። ሬንጅ የመጨረሻውን ቁጥር አይጨምርም፤ 2532 ላይ ሲደርስ ሳይነካው ያቆማል። ስለዚህ ከ2000 እስከ 2531፣ ልክ 532 ዓመት። ከሉፑ በታች ያሉት መስመሮች አራት አራት ክፍተት ወደ ውስጥ ይገባሉ። ፓይተን ውስጥና ውጭ የሚለየው በዚህ ክፍተት ነው። አንዱን መስመር በሦስት ክፍተት ጽፌ ተቆጣኝ። የጽሕፈት ሥራ ስለለመድኩ ግን ይህ ሕጉ ተስማማኝ፤ የተዝረከረከ ገጽ ድሮም አልወድም።

በየዓመቱ ሦስት ነገር አስፈተሽኩ። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ይሆናሉ? ነነዌ ሰኞ ይውላል? ፋሲካስ ከድንበሩ አይወጣም? ድንበሩን ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይወርድም፣ ከሚያዝያ 30 አይወጣም። በኔ አቆጣጠር ከ86 እስከ 120 ነው።

532 ዓመት ለመፈተሽ አንድ ሰከንድም አልፈጀበት። አንድም ስህተት የለም። ትንሹ ፋሲካ 86፣ ትልቁ 120። ሁለቱንም ድንበር ነክቷል፣ ሁለቱንም አላለፈም።

መጥቅዖቹንም ሰብስቤ ቆጠርኳቸው። በ532 ዓመት ውስጥ የሚመላለሱት 19 ቁጥሮች ብቻ ናቸው። 14 የለበትም።

ትምህርት ቤት ይህን ሒሳብ ሲያስተምሩ "አስታውሱ" ብቻ ነበር። ለምን ድንበሩ መጋቢት 26 እንደሆነ ያየሁት ዛሬ ነው። በመስከረም የሚውለው ትንሹ መጥቅዕ 15 ነው፣ ትንሹ ተውሳክ 2። 17። ጥር 17 ላይ 69 ስትጨምሩ መጋቢት 26። ሌላኛው ጫፍም እንዲሁ ነው፤ በጥቅምት የሚውለው ትልቁ መጥቅዕ 13፣ ትልቁ ተውሳክ 8፣ የካቲት 21። ዝም ብሎ የተደነገገ ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

የ2019ኙን ሙሉውን በኤ4 አትሜ፣ ለየኔታ ወረቀት ሊገዛ በመጣ ተማሪያቸው ላክሁ። ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ናት፤ እሱንም ፕሮግራሙ ራሱ አወጣው። ልጁ ለጀልባው እየተጣደፈ ስለነበር ወረቀቱን አጥፎ ጋቢው ውስጥ ከተተ። "እንዳይርስ" አልኩት። "ከኔ በፊት አይርስም፣ እትዬ" አለኝ።

እሑድ፣ ጥር 24

ነገ ነነዌ ይገባል። ዛሬ ማታ ስልክ ተደወለ።

"አየሁት፣ ልጄ።"

"እንዴት ነው፣ የኔታ?"

"ሒሳቡ አንድ የሚነቀፍ የለበትም። ፊደል ግን ስተሻል።"

"የቱ ጋ?"

"መጨረሻው ላይ 'ጾመ ድህነት' ብለሽ በሃሌታው ሀ ጽፈሻል። ያ ችግር፣ ማጣት ነው። መዳን የሚሆነው በብዙኃኑ ኀ ሲጻፍ ነው። የድህነቱንማ ጾም ዓመቱን ሙሉ እየጾምነው አይደል?"

ዘጌ ላይ ጮክ ብዬ ስላነበብኩላቸው አላዩትም። ለጆሮ አንድ ነው። ፓይተንም አልያዘውም። የጣሳው ስም ላይ ብሳሳት ይጮህብኝ ነበር፤ በጥቅስ ውስጥ ያለውን ግን እንደሰጡት ይጽፋል።

ላፕቶፑን እንደገና ከፍቼ አንዲት ፊደል ቀየርኩ። ጾመ ድኅነት፣ ሰኔ ፲፮።